አዲስ ሲስተም በገባ ጊዜ ዝም ስለሚሉ መሣሪያዎች

በምሠራበት መሥሪያ ቤት በመዝገብ ቤቱ የሚገኘው ኮምፒዩተር በ2018 ዓ.ም. ጥቅምት ወር አዲስ ሲስተም ተጫነበት። ምክንያቱም የታወቀ ነው፤ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ሲሰጥ የነበረውን መደበኛ የጥበቃ እርዳታ ጥቅምት 4 ቀን፣ ይኸውም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቆመ። ስለዚህም አንድ ወጣት ባለሙያ ሐሙስ ማታ መጥቶ ዲስኩን ጠርጎ ዊንዶውስ 11 ጭኖበት ሄደ።

ዓርብ ጧት መሣሪያው ሲከፈት የመስኮቱ ፊደል ሁሉ ተልቆ ታየ፤ ዋይፋዩ እንዳልነበረ ሆነ፤ ማተሚያውም ገመዱ ተሰክቶ መብራቱ በርቶ ሳለ አንድ ወረቀት እንኳ አልተፋም። በዚያው ቀን ደግሞ የቀን ሠራተኞች የደመወዝ ሊስት ታትሞ መፈረም ነበረበት። ገንዘብ ያዡ ያለ ፊርማ አይከፍልም፤ ሠራተኞቹም ከበሩ ውጭ በጥላው ሥር ተቀምጠው ይጠባበቁ ነበር። የመዝገብ ቤቱ ሹም ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ናቸውና፣ «ልጄ፣ ትናንት ደኅና የነበረ ዕቃ ዛሬ ምን አገኘው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ዕቃውስ ምንም አላገኘውም ነበር። የጎደለው ድራይቨር የተባለው ነው። ይህ ቃል በእንግሊዝኛ ሾፌር ማለት ነው፤ ለእኔ ግን ስሙ ከሥራው ጋር የማይገጥም ሆኖ ይታየኛል፤ አስተርጓሚ ቢባል በተሻለ ነበር። ማተሚያው፣ የድምፅ ክፍሉ፣ የዋይፋዩ ክፍል፣ እያንዳንዳቸው ሠሪያቸው ባወጣላቸው ቋንቋ ይናገራሉ። ሲስተሙ ይህን ሁሉ ቋንቋ አያውቅም፤ ትእዛዙ የሚደርሰው በድራይቨሩ አማካይነት ነው። አዲስ ሹም ሲመጣ የቀድሞው አስተርጓሚ አብሮ ተሰናብቶ እንደ ሆነ፣ ሹሙም ባለጉዳዩም ጤነኞች ሳሉ ነገሩ አይግባባም። እውነት ነው፤ ሲስተሙ ለብዙ ዕቃዎች የሚሆን ድራይቨር ይዞ ይመጣል። ለመስኮቱም ጊዜያዊ የሆነ ተራ ድራይቨር ይሰጠዋል፤ ፊደሉ ተልቆ የታየን ስለዚህ ነው።

ይህ ችግር የደረሰበት የእኛ መሥሪያ ቤት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2007 ዊንዶውስ ቪስታ ለሕዝብ በተሸጠ ጊዜ ድራይቨር የሚጻፍበት ሥርዓት ተለውጦ ስለ ነበር፣ በዓለም ላይ ብዙ ማተሚያዎችና ስካነሮች አስተርጓሚ አጡ። በ2008 በአሜሪካ በሲያትል ከተማ በነበረው ክርክር ለፍርድ ቤት የቀረቡት ደብዳቤዎች እንዳሳዩት፣ ከማይክሮሶፍት ከፍተኛ ባለሥልጣኖች አንዱ የነበረው ስቲቨን ሲኖፍስኪ በቤቱ ያለው ማተሚያ ድራይቨር ማጣቱን ለዋናው ሥራ አስኪያጅ ለስቲቭ ባልመር ጽፎለት ነበር። የሲስተሙ ባለቤቶች ራሳቸው እንዲህ ከሆኑ መዝገብ ቤታችን ሊያፍር አይገባውም።

እንግዲህ ሥራውን የጀመርነው ከዋይፋዩ ነው። የጎደለው ድራይቨር የሚገኘው በኢንተርኔት ነው፤ ኢንተርኔቱ ግን ያለዚያው ድራይቨር አይመጣም። መፍትሔው ስልክ ሆነ። ስልኬን በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒዩተሩ ጋር አገናኝቼ፣ ከስልኩ ማስተካከያ ውስጥ ኢንተርኔቱን በገመድ እንዲያካፍል አዘዝሁት፤ ኮምፒዩተሩም ወዲያው ተቀበለ። ከዚያም የሲስተሙን የማሻሻያ ገጽ ብንከፍት የመስኮቱን ድራይቨር ራሱ ፈልጎ አመጣ፤ ፊደሉም ወደ ልኩ ተመለሰ።

ዋይፋዩ ግን እንቢ አለ። ዲቫይስ ማናጀር በሚባለው ገጽ ላይ አንድ ስም የለሽ ዕቃ ከቢጫ ምልክት ጋር ይታይ ነበር። ምልክቱን ሲከፍቱት ቁጥር ይነበባል፤ 28 ቢሆን ድራይቨር አልተጫነም፣ 10 ቢሆን ዕቃው ሥራ ሊጀምር አልቻለም፣ 43 ቢሆን ዕቃው ራሱ ችግር አለብኝ ስላለ ሲስተሙ አቁሞታል ማለት ነው። የእኛው 28 ነበር፤ ይህም ከሁሉ የሚቀለው ነው። ስም የሌለውንም ዕቃ ማንነት ማወቅ ይቻላል፤ በዝርዝሩ ውስጥ «ሃርድዌር አይዲ» ከሚለው ሥር «ቬን» ከሚለው ምልክት ቀጥሎ ያለው ቁጥር የሠሪው፣ «ዴቭ» ከሚለው ቀጥሎ ያለው የዕቃው መለያ ነው። 8086 ኢንቴል ነው፤ 1002 ኤኤምዲ ነው። በቁጥሩ መሠረት ከኮምፒዩተሩ ሠሪ ገጽ የሞዴሉን ድራይቨር አውርደን ዋይፋዩን አስነሣነው።

በመካከሉ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ድራይቨር ሁሉ በአንድ ጊዜ እፈልጋለሁ የሚል የማይታወቅ ፕሮግራም ሊያወርድ ሲል ከለከልሁት። ድራይቨር ከሲስተሙ ልብ አጠገብ የሚሠራ ነገር ስለሆነ፣ ከሠሪው ወይም ከሲስተሙ ባለቤት በቀር ከማንም ሊወሰድ የሚገባው አይመስለኝም።

ማተሚያው ግን ሌላ ነገር ሆነ። የቀድሞው ሲስተም ባለ 32 ቢት ነበር፤ ዊንዶውስ 11 ግን የሚገኘው በ64 ቢት ብቻ ነው፤ ለ32 የተጻፈ ድራይቨር ደግሞ በ64 ላይ አይሠራም። የማተሚያው ሠሪ ለዚያ አሮጌ ሞዴል ባለ 64 ቢት ድራይቨር አላዘጋጀም። የተቀራረበ ሞዴል ድራይቨር ብንሞክር ወረቀቱ ትርጉም በሌላቸው ምልክቶች ተሞልቶ ወጣ። ዲስኩ ሳይጠረግ አዲሱ ሲስተም በአሮጌው ላይ ተጭኖ ቢሆን ኖሮ ዐሥር ቀን ሳይሞላ ወደ ቀድሞው መመለስ ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ባለ 32 ቢቱን በባለ 64 መተካት የሚቻለው ዲስኩን ጠርጎ ብቻ ስለሆነ ያ በር አስቀድሞ ተዘግቶ ነበር። ባለሙያውን የምወቅሰው ስለ መጥረጉ ሳይሆን ማተሚያውን ሳይጠይቅ በመጥረጉ ነው።

ሊስቱ በሹሙ ፍላሽ ላይ እንደ ነበረና ፍላሹን ይዞ ወደ ጎረቤት ክፍል መሄድ እንደሚቻል ያሰብነው ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ ነው። ያሰቡትም እርሳቸው ናቸው፤ እኔ በቢጫው ምልክት ዓይኔ ታስሮ ነበር። ሊስቱ እዚያ ታትሞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተፈረመ፤ ሠራተኞቹም በዚያው ዕለት ተከፈሉ።

ማተሚያው ዛሬ በዕቃ ቤቱ አጠገብ፣ አሮጌውን ሲስተም እንደ ያዘና ከኢንተርኔት እንደ ተለየ ከቀረ ሌላ ኮምፒዩተር ጋር ተያይዞ ይሠራል። ሹሙም በየወሩ መጨረሻ ፍላሻቸውን በኪሳቸው ይዘው ወደዚያ ይሄዳሉ።