«ስቲች»፦ ከመርፌ ጫፍ እስከ ሳቅ

ከልብስ ስፌት ሙያ ወጥተው ወደ ዕለት ተዕለት ንግግር ከገቡ የእንግሊዝኛ ቃላት አንዱ «ስቲች» ነው። የቅርብ ፍቺው መርፌ አንድ ጊዜ ገብቶ ሲወጣ በጨርቁ ላይ የሚቀረው የክር ስፌት ነው። በሹራብ ሥራም እያንዳንዱ የክር ቀለበት በዚሁ ስም ይጠራል።

የቃሉ ሥር ግን ከክሩ ይልቅ ከመርፌው ጫፍ ጋር ይዛመዳል። በጥንታዊው እንግሊዝኛ የቃሉ ፍቺ መውጋት ወይም መብሳት ነበር፤ የስፌት ትርጉሙ የመጣው ዘግይቶ ነው። ዛሬም ሯጭ ጎኑን ቀስፎ የሚይዘው ሕመም «ስቲች» ይባላል። አማርኛም ይህንኑ ሕመም «ውጋት» ብሎ የሰየመው «ወጋ» ከሚለው ግሥ ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ በአንድ ምስል ተገናኝተዋል።

ከዚሁ ሕመም የሳቅ አነጋገር ተወልዷል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ «በስቲችስ ውስጥ ነኝ» ቢል ጎኑ እስኪወጋው መሳቁን መናገሩ ነው፤ አማርኛ ተናጋሪ «በሳቅ ፈረስኩ» እንደሚለው ማለት ነው። ሼክስፒር «አሥራ ሁለተኛው ሌሊት» በተሰኘው ተውኔቱ አነጋገሩን ተጠቅሞበታል።

በጊዜው የተሰፋ አንድ ስፌት ዘጠኝ ስፌት ያድናል የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ደግሞ ቶማስ ፉለር በ1732 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ስብስብ ውስጥ ይገኛል። ትንሿ ቀዳዳ ዛሬ ካልተሰፋች ነገ ትሰፋለችና ነው። ዘጠኝ ቁጥር የተመረጠው «ናይን» ጊዜ ከሚለው «ታይም» ጋር በድምፅ ስለሚቀራረብ ይመስላል። የአማርኛው አቻ «ሳይቃጠል በቅጠል» ነው።

በብሪታኒያ ሰውን «ስቲች አፕ» ማድረግ ባልሠራው ጥፋት ማስወንጀል ነው። «አንድም ስቲች አለመልበስ» ደግሞ እርቃን መሆንን ይገልጻል።

ልዩነቱን ማወቅ ከቋንቋ ዕውቀት ያለፈ ፋይዳ አለው። ሐኪም ቁስል የሰፋበት ክርም በዚሁ ቃል ይጠራልና። ሕመምተኛ በጎኑ «ስቲች» እንዳለ በነጠላ ቁጥር ከተናገረ ውጋት ይዞታል ማለት ነው፤ «ስቲችስ» ብሎ በብዙ ቁጥር ከተናገረ ግን የተሰፋ ቁስል አለው። በሕክምና ክፍል ውስጥ የሚያስተረጉም ሰው የመጨረሻዋን ድምፅ ካላስተዋለ፣ ሐኪሙ ያልነበረ ቁስል ይፈልጋል ወይም የነበረውን ሳያይ ያልፋል።