የተመሰጠረ የሕሙማን መረጃን ሳይፈቱ መፈለግ፦ ጥቅሙና ወሰኑ

የሕሙማንን ምስጢር መጠበቅ ከሕክምና ሙያ ጋር አብሮ የኖረ ግዴታ ነው። መዝገቡ በካርድ ክፍል መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ዋነኛው ጥበቃ በሩን መቆለፍና የሚገባውን ሰው መለየት ነው። በብዙ አገሮች ግን መዝገቡ ዛሬ የሚቀመጠው ክላውድ በሚባለው አሠራር፣ ማለትም በኢንተርኔት አማካይነት በሚከራይ የሌላ ድርጅት ኮምፒውተር ውስጥ ነው። በዚህም የተነሣ የሙያው መሐላ የሌለበት ወገን የመዝገቡ ጠባቂ ሆኗል።

ጥበቃው ሲጓደል የሚደርሰው ጉዳት በፊንላንድ ታይቷል። ቫስታሞ ከተባለ የሥነ ልቦና ሕክምና ድርጅት የተሰረቀ ከ30,000 በላይ ታካሚዎች መረጃ እ.ኤ.አ. በ2020 ለማስፈራሪያ ዋለ። ገንዘብ ካልከፈሉ በሕክምናው ወቅት የተናገሩት ሁሉ ይፋ እንደሚወጣ የሚገልጽ ኢሜይል ለብዙ ታካሚዎች በየግላቸው ደረሳቸው።

ችግሩ ምንድን ነው?

ምስጠራ ጽሑፍን ያለ ቁልፍ ወደማይነበብ መልክ መለወጥ ነው። ሆስፒታሉ መረጃውን መስጥሮ ቢልክና ቁልፉን በእጁ ቢያስቀር፣ መረጃውን የሰረቀ ሰው ትርጉም ያለው ነገር አያገኝም። ይሁን እንጂ የክላውዱ ኮምፒውተርም ሊያነበው ስለማይችል መፈለግ ያቅተዋል። የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማንን ዝርዝር ለማግኘት መዝገቡን በሙሉ መልሶ ማውረድና መፍታት፣ ወይም ቁልፉን ለድርጅቱ አሳልፎ መስጠት ግድ ይሆናል። የመጀመሪያው አድካሚ ነው፤ ሁለተኛው ምስጠራውን ከንቱ ያደርገዋል።

መፍትሔው እንዴት ይሠራል?

እ.ኤ.አ. በ2000 ሶንግ፣ ዋግነርና ፔሪግ የተባሉ ተመራማሪዎች የተመሰጠረ ጽሑፍን ሳይፈቱ መፈለግ የሚቻልበትን መንገድ አቀረቡ። ከዚያ ወዲህ በተስፋፋው አሠራር ሆስፒታሉ ከመዝገቡ ጋር የተመሰጠረ ማውጫ ያዘጋጃል። ባለሙያው «ሳንባ ነቀርሳ» ብሎ ሲፈልግ የሆስፒታሉ ኮምፒውተር ቃሉን በምስጢር ቁልፉ ወደ ፍለጋ ምልክት ይለውጠዋል። ክላውዱ ምልክቱን ከማውጫው ጋር አመሳክሮ ተዛማጅ መዝገቦችን እንደተመሰጠሩ ይመልሳል፤ የሚፈቱትም በሆስፒታሉ ውስጥ ነው። ስለዚህ ክላውዱ የተፈለገውን ቃልም ሆነ የመዝገቡን ይዘት አያነብም።

ወሰኑ

ሆኖም ክላውዱ የማያነበውን ሊቆጥር ይችላል። ተመሳሳይ ፍለጋ ስንት ጊዜ እንደተደገመ፣ ስንትና የትኞቹ መዝገቦች እንደተመለሱ ያያል። የበሽታዎች ሥርጭት በይፋ ስታቲስቲክስ የሚታወቅ በመሆኑ ከቁጥሩ ተነሥቶ በሽታውን መገመት ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በ2015 ናቪድ፣ ካማራና ራይት የዚህን ሥጋት መጠን በአሜሪካ 200 ሆስፒታሎች መረጃ ፈትነዋል። ያጠኑት ለፍለጋ እንዲያመች ሲባል የቁጥሮችን ቅደም ተከተል ወይም የቃላትን ተመሳሳይነት የማይሰውር፣ ደካማ የምስጠራ ዓይነት ነበር። ቁልፉ ሳይኖራቸው፣ ይፋ ከሆነ ሌላ መረጃ ጋር በማነጻጸር ብቻ፣ በ95 በመቶው ሆስፒታሎች ከ80 በመቶ በላይ የሆኑትን ታካሚዎች ዕድሜና የበሽታ ክብደት ለይተዋል።

ጄንትሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ያቀረበው፣ በተመሰጠረ መረጃ ላይ ማንኛውንም ስሌት ለመሥራት የሚያስችለው ዘዴ ይህን ክፍተት ሊያጠብ ይችላል፤ ነገር ግን የሚጠይቀው የኮምፒውተር አቅምና ጊዜ ከፍተኛ ነው።

የጤና ባለሙያው ድርሻ

በኢትዮጵያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ውስጥ ይመድበዋል። ስለዚህ ተቋሙ የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ሲመርጥ «መረጃው ተመስጥሯል» የሚለው መልስ ብቻ አይበቃም። ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ፣ ፍለጋ ሲደረግ ለአገልግሎት ሰጪው ምን እንደሚታይና ቁልፉ ቢጠፋ መጠባበቂያው የት እንደሚገኝ መጠየቅ ይገባል፤ ቁልፉ የጠፋ መዝገብ ለሐኪሙም የጠፋ ነውና። ምስጠራው የቱንም ያህል የረቀቀ ቢሆን፣ የይለፍ ቃሉን ለባልደረባው ያዋሰ ወይም ኮምፒውተሩን ክፍት ትቶ የሄደ ባለሙያ ያስገባውን ሰው ሊመልሰው አይችልም።