የመድኃኒትን ሥራ በእርምጃ ስለ መለካት

መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚባለው ደዌ በአገራችን እምብዛም አይታይም፤ ነገር ግን ከገባበት ቤት ለብዙ ዘመን አይወጣም። ገላን ከበሽታ ሊጠብቅ የተሰጠው ኃይል ተሳስቶ በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ያሉትን ነርቮች ልባስ ያፈርሳልና፤ የታመመው ሰው እግሩ ይከብደዋል፤ ዓይኑም ይፈዛል። ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ የደዌውን ግሥጋሤ የሚያዘገዩ ግን አሉ። ስለዚህ ቤተ ሰቡ፤ «ይህን ያህል ገንዘብ የሚፈስበት መድኃኒት ይሠራልን?» እያለ ይጨነቃል።

ይህ ጥያቄ እንደ አሶሳ ሙቀት በሚበረታበት አገር ይብስ ይከብዳል። ልባሱ የተጎዳ ነርቭ ሙቀትን አይችልም፤ የገላ ሙቀት በግማሽ ዲግሪ ያህል እንኳ ቢጨምር መልእክቱን ማድረስ ያዳግተዋል። የጀርመኑ ሐኪም ኡትሆፍ ይህን ነገር በ1890 ዓ.ም. እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ገልጾታል። እንግዲህ ዝናም ሳይጥል፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ቀትር የሕመምተኛው እግር ቢጎተት፤ መድኃኒቱ ከንቱ ነው ብሎ መፍረድ አይገባም፤ ገላው ሲቀዘቅዝ ወደ ቀድሞው ይመለሳልና። በዚህ ችኮላ መድኃኒቱን ያቋረጠ ሰው ግን በኋላ የሚያጣውን ኃይል መልሶ ላያገኘው ይችላል።

ሐኪሞች በመለኪያ ይፈርዳሉ። አሜሪካዊው ጆን ኩርትዝኪ በ1955 አውጥቶ በ1983 ያሻሻለው መለኪያ ከ0 እስከ 10 ይቆጥራል፤ 6 ላይ የደረሰ ሰው መቶ ሜትር ለመሄድ ምርኩዝ ይሻል። እኛ እንደሚመስለን ይህ መለኪያ ለእግር ያደላል፤ እጅንና አእምሮን ችላ ይላል።

በቤት ሊሠራ የሚቻለው የ7 ሜትር ከ62 ሳንቲ ሜትር እርምጃ ነው። በደልዳላ መሬት ላይ ይሰመርና፤ ሕመምተኛው ሳይደናቀፍ እንደ አቅሙ ፈጥኖ ሲሄድ ሰዓት ይያዝለታል፤ ሁለት ጊዜ ሄዶም አማካዩ ይጻፋል። ልኩ ዘወትር በአንድ ሰዓት፤ ይልቁንም ማለዳ በቀዝቃዛው፤ በዚያው ጫማና በዚያው ምርኩዝ ይሁን። በ10 ሰከንድ ይሄድ የነበረው በ12 ቢሄድ፤ ከመቶ 20 ጨምሯልና ለሐኪም ይነገር። ሐኪሙም 3 ወይም 6 ወር ቆይቶ ያው መሆኑን ካላረጋገጠ ደዌው ገሠገሠ አይልም። በዓመቱ 10 ሰከንድ 10 ሆኖ ቢገኝ፤ ለቆየ ሕመም ይህ ራሱ ትልቅ ትርፍ ነው። አዲስ ድካም ወይም የዓይን መፍዘዝ መጥቶ ከአንድ ቀን በላይ ቢቆይ ግን፤ ልክ ሳይጠበቅ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ነው።

የነርቭ ሐኪሞችን ማሠልጠን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ2006 ዓ.ም. እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ስለሆነ ባለሙያዎቹ ጥቂቶች ናቸው፤ መንገዱም ከአሶሳ ከ600 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ ወደዚያ የሚሄድ ሕመምተኛ ቀኑ፤ ሰዓቱና ሰከንዱ የተጻፈበትን ደብተር ይዞ ይሂድ እንላለን።