የአሮጌዋ ቮልስ ሕመም ብዙ ጊዜ ከሞተሪኖው አይደለም

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2003 የመጨረሻዋ ቮልስዋገን ቢትል በሜክሲኮዋ ፑዌብላ ከተማ ከፋብሪካ ስትወጣ፣ በዓለም ዙሪያ ከ21 ሚሊዮን በላይ መሰሎቿ ተሠርተው ነበር። አዲስ አበባም የድርሻዋን አግኝታለች። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከሥልጣን ወርደው ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በዚህችው መኪና ነበር። የከተማዋ ነዋሪ በአጭሩ «ቮልስ» የሚላት ይህች መኪና ዛሬም ዳገቱን እያጉረመረመች ስትወጣ ትታያለች።

ቮልስን ለዓመታት የያዙ ሰዎች የሚያውቁት አንድ ሕመም አለ። ጠዋት በመጀመሪያው ቁልፍ የተነሳችው መኪና ከተማውን ዞራ፣ ሞተሯ ግሎ፣ ለአፍታ ከቆመች በኋላ ቁልፉ ሲዞር ዝም ትላለች። አንዳንዴም ከኋላ «ቀጭ» የሚል አንድ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ግማሽ ሰዓት አርፋ ስትሞከር ግን ምንም እንዳልነበረባት ትነሳለች። ባለቤቱ ጋራዥ ይወስዳታል፣ ሞተሪኖው ይቀየራል፣ ገንዘብ ይወጣል፤ ከሳምንታት በኋላ ሕመሙ ይመለሳል። ከመኪናዋ ጋር የመጣው ጠንካራ ሞተሪኖም ያለ ጥፋቱ ተጥሎ ይቀራል።

ጥፋቱ በአብዛኛው ያለው ኃይሉ በሚጓዝበት መንገድ ላይ ነው። የቮልስ ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር ተቀምጧል፤ ሞተሪኖውም ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ከካምቢዮው ጎን ታስሯል። ሞተሪኖውን «ተነሳ» ብሎ የሚያዘው ጅረት ግን አጭሩን መንገድ አይሄድም። ከመኪናዋ ኋላ ተነስቶ እስከ ፊት ይጓዛል፣ በቁልፉ ውስጥ ያልፋል፣ ከዚያም እንደገና ወደ ኋላ ተመልሶ ሶሌኖይድ የሚባለውን መግነጢሳዊ ማብሪያ ይስባል። ሽቦው፣ ማያያዣዎቹና የቁልፉ የውስጥ ነጥቦች ሁሉ ሃምሳ ዓመት ያገለገሉ ናቸው። በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ ያለ ዝገት ከቮልቱ ጥቂት ጥቂት ይቀማል። ሞተሩ ሲግል ደግሞ የሶሌኖይዱ የመዳብ ጥቅልል የኤሌክትሪክ መቋቋሙ ስለሚጨምር፣ ጠዋት በጭንቅ ይበቃ የነበረው ኃይል ቀትር ላይ ያንሳል።

ፋብሪካው ከ6 ቮልት ወደ 12 ቮልት ከመሸጋገሩ በፊት የተሠሩት መኪኖች በዚህ ረገድ ይብስባቸዋል። ተመሳሳይ ሥራ ለመሥራት እጥፍ ጅረት ስለሚፈልጉ፣ ያው አንድ ዝገት ከእነርሱ የሚወስደው ድርሻ እጅግ የከፋ ነው።

ይህን ለማረጋገጥ የሚያስፈልገው አንድ የቮልት መለኪያ ብቻ ነው። ባትሪው ሙሉ ሲሆን በእረፍት ላይ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። ማርሹ ነጻ ሆኖ፣ የእጅ ፍሬኑ ተስቦ፣ ሞተሩም እንዳይነሳ የቦቢናው ሽቦ ተነቅሎ አንድ ሰው ቁልፉን ያዞራል። በዚያው ቅጽበት መለኪያው በባትሪው አዎንታዊ ራስና በሶሌኖይዱ ላይ 50 ቁጥር በተጻፈበት መቀበያ መካከል ይደረጋል። ልዩነቱ ከ1 ቮልት ከበለጠ የጠፋው ኃይል እዚያ መንገድ ላይ ነው። መድኃኒቱም ማያያዣዎቹን ማጽዳት ነው። ካልበቃም ከሞተሪኖው አጠገብ ሪሌ ማስገባት ይቻላል፤ ያን ጊዜ አሮጌው ሽቦ ሪሌውን ብቻ ይቀሰቅሳል፣ ከባዱን ጅረት በቅርብ ያለው አዲስ ሽቦ ይሸከማል። ዋጋው ከሞተሪኖ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ብዙዎች የሚዘነጉት የመመለሻውን መንገድ፣ ባለሙያዎቹ «ማሳ» የሚሉትን ነው። (የጀርመኗ መኪና አካላት በአዲስ አበባ ጋራዦች የሚጠሩት በአብዛኛው በጣሊያንኛ መሆኑ የከተማዋ ታሪክ አንድ ገጽ ነው።) የቮልስ ካምቢዮ በጎማ ላይ የተቀመጠ በመሆኑ ሞተሩን ከአካሉ ጋር በኤሌክትሪክ የሚያገናኘው አንድ የተጎነጎነ የማሳ ገመድ ነው። ይህ ሲዝግ ጅረቱ ሌላ መውጫ ይፈልጋል፤ የነዳጅ መስጫው ወይም የፍሪሲዮኑ ገመድ ያለ ምክንያት ከጋለ ምልክቱ ይኸው ነው።

ሞተሪኖው በእርግጥ ተበላሽቶ ቢገኝ እንኳ አንድ ነገር መታየት አለበት። የመደበኛው ቮልስ ሞተሪኖ የዘንግ ጫፍ የሚደገፈው በራሱ ቤት ውስጥ ሳይሆን በካምቢዮው ቤት ውስጥ በገባች ትንሽ የነሐስ ቡሽ ነው። እርሷ ተበልታ ሳለ አዲስ ሞተሪኖ ማሰር አዲሱንም ለጥፋት መዳረግ ነው። ብዙ ጊዜ አዲሱ ዕቃ ሐሰተኛ ነው ተብሎ የሚታማው በዚህች ቡሽ ምክንያት ነው።

ሞተሩ በደንብ እየዞረ የማይነሳ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። መኪናዋ በሁለተኛ ማርሽ ተገፍታ የምትነሳ ከሆነ እሳቱ ደኅና ነው፣ ጥፋቱ ከላይ በተነገረው መንገድ ላይ ነው። ተገፍታም ካልተነሳች እሳቱ ይፈተሻል። አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ ከመቶ ዓመት በፊት በዘረጋው በዚህ ሥርዓት፣ ፑንቲናው ሲዘጋ ቦቢናው በኃይል ይሞላል፣ ሲከፈት ብዙ ሺህ ቮልት ወደ ካንዴላው ይተኮሳል። የፑንቲናው ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። የፑንቲናው ፊት ተቃጥሎ ከጠቆረ፣ የሚዘልለውም እሳት ሰማያዊ መሆኑ ቀርቶ ደካማና ቢጫ ከሆነ፣ ቀድሞ የሚጠረጠረው ኮንደንሰሩ ነው። ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን ከፍቶ መተው ደግሞ ቦቢናውንም ፑንቲናውንም ያቃጥላል።

ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ አየሩ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ለባሕር ዳርቻ የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላውም በጥቀርሻ ይሸፈናል። እሳቱ ጠፋ የተባለው አንዳንዴ በዚህ ጥቀርሻ የታፈነው ነው፤ ካንዴላውን ነቅሎ ቀለሙን ማየት ይበቃል።

እሳት የሚፈተሸው የቤንዚን ጎማዎቹ ከታዩ በኋላ ነው። በቮልስ ሞተር ላይ የቤንዚኑ ቱቦ ከዲስትሪቢውተሩ አጠገብ ያልፋል፤ የተሰነጠቀ ጎማና አንድ ብልጭታ መኪናዋን በደቂቃዎች ውስጥ ሊጨርሷት ይችላሉ። ከኋላ ወንበር ሥር ያለው ባትሪም ሽፋን ያስፈልገዋል፤ ከባድ ሰው ሲቀመጥ የወንበሩ ሽቦ የባትሪውን ራሶች ነክቶ እሳት ያስነሳል። ከሁሉም በላይ አደገኛው ግን ሞተሪኖውን ከሥር ገብቶ በካቻቢቴ አገናኝቶ ማስነሳት ነው። መኪናዋ ማርሽ ውስጥ ከሆነች ወዲያው ትንቀሳቀሳለች፤ ሰውየውም ከጎማው ፊት ተኝቷል።