አዲሱ ካርድ ምስል አልሰጥ ሲል

አዲስ ግራፊክስ ካርድ የገጠመ ሰው ኮምፒውተሩን ሲያበራ ማራገቢያዎቹ ይሽከረከራሉ፣ መብራቶቹ ይበራሉ፣ ሞኒተሩ ግን «ኖ ሲግናል» ብሎ ይጠቁራል። በዚህች ደቂቃ የብዙ ሰው ፍርድ አንድ ነው፤ ካርዱ ተበላሽቷል፣ ሻጩ አታሎኛል። ካርዱ ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የመጣ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል፤ መልሶ መላኩ ገንዘብም ወራትም ይፈጃል፣ ያመጣውንም ሰው ያስቸግራል። እኔ ግን ይህ ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ የተቸኮለ ነው እላለሁ። ጥቁር ስክሪን ስለ ካርዱ ጤንነት የሚነግረን ነገር በጣም ትንሽ ነው። አዲስ ካርድ ሲገባ ከካርዱ ጋር ብዙ ነገር አብሮ ይለወጣል፤ ኬብሉ የሚሰካበት ቦታ፣ ከፓወር ሰፕላዩ የሚፈለገው ኃይል፣ ማዘርቦርዱ ሲነሳ የሚያነበው ፕሮግራም ጭምር። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ውጤቱ ያው ጨለማ ነው። ስለዚህ ካርዱ መጠርጠር ያለበት ሌላው ሁሉ ከተጣራ በኋላ ነው።

ኮምፒውተር ሲበራ ከዊንዶውስ ቀድሞ የሚነቃው ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ባዮስ ነው። ፕሮሰሰሩን፣ ራሙን፣ ከዚያም ግራፊክስ ካርዱን ይፈትሻል። ካርዱም በራሱ ቺፕ ላይ የተጻፈ ትንሽ ፕሮግራም አለው፤ የአምራቹ አርማ ስክሪን ላይ የሚወጣው በዚያ ፕሮግራም አማካይነት ነው። እዚህ ደረጃ ላይ የኤንቪዲያም ሆነ የኤኤምዲ ድራይቨር ሥራውን ገና አልጀመረም። በመሆኑም መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ጨለማው የጀመረው መቼ እንደሆነ ነው። አርማው ታይቶ፣ የዊንዶውስ ነጠብጣቦች መዞር ጀምረው ከዚያ ስክሪኑ ከጠቆረ፣ ኬብሉም ኃይሉም ካርዱም እስከዚያ ድረስ ሥራቸውን ሠርተዋል፤ ጥርጣሬው ወደ ድራይቨሩ ይዞራል። ዊንዶውስን በሴፍ ሞድ አስነስቶ የቀድሞውን ካርድ ድራይቨር ማጥፋትና አዲሱን ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርዶ መጫን ብዙ ጊዜ ይበቃል። ስክሪኑ ከመጀመሪያዋ ሰከንድ ጀምሮ ጨለማ ከሆነ ግን ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ከንቱ ድካም ነው፤ ችግሩ ያለው ዊንዶውስ ጋ ከመድረሱ በፊት ነውና። እንዲህ ባለ ጊዜ ማዘርቦርዱን ራሱን መጠየቅ ይሻላል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የተሠሩ ብዙ ማዘርቦርዶች ሲፒዩ፣ ዲራም፣ ቪጂኤ እና ቡት የሚል የተጻፈባቸው አራት ጥቃቅን መብራቶች አሏቸው። ፍተሻው የተሰናከለበት መብራት እንደበራ ይቀራል። ዲራም ላይ ከቀረ፣ ካርዱ ሲገጠም እጅ ራሙን ነቅንቆት ሊሆን ይችላልና እሱን አውጥቶ መልሶ መትከል ነው። አሮጌዎቹ ማዘርቦርዶች ደግሞ በጩኸት ይናገራሉ፤ አዋርድ ባዮስ ያላቸው አንድ ረጅምና ሁለት አጭር ድምፅ ካሰሙ የሚያመለክቱት የምስል ችግርን ነው።

በጣም ቀላሉ ምክንያት በጣም የሚናቀውም ነው። ኮምፒውተሩ ከጀርባው ሁለት ቦታ የምስል መሰኪያ ሊኖረው ይችላል፤ አንዱ ከላይ ከዩኤስቢዎቹ አጠገብ ያለው የማዘርቦርዱ፣ ሌላው ዝቅ ብሎ በአግድም የተቀመጠው የካርዱ። ሞኒተሩ መሰካት ያለበት ካርዱ ላይ ነው። «ኬብሉን አልነካሁትም፣ ትናንት እዚያው ተሰክቶ ይሠራ ነበር» የሚል መከራከሪያ እዚህ ጋ ይነሳል። ትናንት የሠራው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው አነስተኛ ግራፊክስ ምስሉን ይሰጥ ስለነበር ነው። ዛሬ ብዙ ማዘርቦርዶች ካርድ ሲያገኙ ያንን መሰኪያ በራሳቸው ያጠፉታል። እንደ ኢንቴል ኮር አይ5 12400ኤፍ ያሉ ስማቸው በኤፍ የሚያልቅ ፕሮሰሰሮች፣ እንዲሁም እንደ ራይዘን 5 5600 ያሉት ደግሞ ከነጭራሹ የራሳቸው ግራፊክስ የላቸውም፤ ማዘርቦርዱ መሰኪያ ቢኖረውም ከእሱ ምስል አይወጣም። ሞኒተሩ ራሱ የትኛውን መሰኪያ እንዲያዳምጥ እንደተመረጠለት ማየትም ያስፈልጋል፤ ኬብሉ ዲስፕሌይፖርት ላይ ሆኖ ምርጫው ኤችዲኤምአይ ላይ ከቀረ ጤነኛ ካርድም የሞተ ይመስላል።

አሮጌ ሞኒተር ላላቸው ሰዎች ሌላ ወጥመድ አለ። ባለ ሰማያዊ ጫፉ የቪጂኤ ኬብል የሚሸከመው አናሎግ ሲግናል ነው። ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. በ2016 ጂቲኤክስ 1080ን ሲያወጣ ከዲቪአይ መሰኪያው ላይ የአናሎግ መስመሮቹን አስቀርቷል፤ የዛሬ ካርዶች የሚያወጡት ዲጂታል ሲግናል ብቻ ነው። ስለዚህ ሽቦን ከሽቦ ብቻ የሚያገናኝ ርካሽ አስማሚ ፋይዳ የለውም፤ ውስጡ ሲግናሉን የሚለውጥ ቺፕ ያለው መቀየሪያ ያስፈልጋል። ከዲስፕሌይፖርት ወደ ኤችዲኤምአይ የሚወስዱ ተራ ኬብሎችም በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይሠራሉ፤ ካርዱ በኤችዲኤምአይ፣ ሞኒተሩ በዲስፕሌይፖርት በኩል ሆኖ የተሰካ እንዲህ ያለ ኬብል ምንም አያስተላልፍም።

ዋናው ጉዳይ ግን ኃይል ነው፤ ሰው አብዝቶ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። ካርዱ የሚተከልበት የማዘርቦርዱ ማስገቢያ መስጠት የሚችለው እስከ 75 ዋት ነው። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ካርድ ቀሪውን በቀጥታ ከፓወር ሰፕላዩ በኬብል መውሰድ አለበት፤ ባለ 6 እግሩ ኬብል ሌላ 75 ዋት፣ ባለ 8 እግሩ 150 ዋት እንዲሸከም ተደርጎ የተመደበ ነው። ጂቲኤክስ 1650 በ75 ዋት ስለሚኖር ብዙዎቹ ዓይነቶቹ ተጨማሪ ኬብል አይጠይቁም። አርቲኤክስ 3060 ግን 170 ዋት ይፈልጋል። ኬብሉ ሳይሰካ ቢቀር አንዳንዱ ካርድ በጽሑፍ ያስጠነቅቃል፣ አንዳንዱ ቀይ መብራት ያበራል፣ ሌላው ዝም ይላል። «ማራገቢያው እየዞረ፣ መብራቱም በርቶ እንዴት ኃይል አጣ ይባላል?» የሚል ጥያቄ ተገቢ ነው፤ መልሱም ግልጽ ነው። ማራገቢያ የሚፈልገው ጥቂት ዋት ነው፤ ያንን ማስገቢያው ብቻውን ይሰጠዋል። የካርዱን ዋና ቺፕ መመገብ ሌላ ነገር ነው። በተቃራኒውም ብዙ ዘመናዊ ካርዶች ሙቀታቸው ዝቅ ሲል ማራገቢያቸውን ሆን ብለው ያቆማሉ፤ ስለዚህ የቆመ ማራገቢያ የሞት ምልክት አይሆንም። ማራገቢያን አይቶ በካርድ ላይ መፍረድ በሁለቱም በኩል ያሳስታል።

ይህ ነገር እኛ ዘንድ ይበልጥ የሚከብድበት ምክንያት አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ኮምፒውተር የሚገዛ ብዙ ሰው የሚያገኘው ከቢሮ ወጥቶ በድጋሚ የተሸጠ ዴል ወይም ኤችፒ ነው። ለጽሑፍና ለሒሳብ ሥራ የተሠሩ ጠንካራ ማሽኖች ናቸው፤ የተሠሩት ግን ለግራፊክስ ካርድ ታስቦ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣውን ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 እንውሰድ። የሚኒ ታወሩ ፓወር ሰፕላይ 275 ዋት፣ የትንሹ ኬዝ 240 ዋት ነው። ኮር አይ5 3470 ፕሮሰሰር በ77 ዋት ይመደባል። በዚህ ላይ የአርቲኤክስ 3060ን 170 ዋት ብንጨምር 247 ዋት ይሆናል፤ በሚኒ ታወሩ ለማዘርቦርዱ፣ ለራሙ፣ ለዲስኩና ለማራገቢያዎቹ የሚተርፈው 28 ዋት ብቻ ነው። በዚያ ላይ ካርዱ የሚፈልገው ባለ 8 እግር ኬብል ከፓወር ሰፕላዩ አይወጣም። ያንን ክፍተት ለሃርድ ዲስክ ከተሠራው የሳታ ኬብል በአስማሚ ለመሙላት መሞከር አደገኛ ነው፤ የሳታው መሰኪያ ያን ያህል ኃይል እንዲሸከም አልተሠራም፣ ሊቀልጥም ይችላል። እንዲህ ላለ ማሽን ከ75 ዋት የማያልፍ፣ ቁመቱም ለኬዙ የሚመጥን ካርድ መምረጥ ነው የሚያዋጣው። ትልቅ ካርድ ገዝቶ ጨለማ ያየ ሰው ብልሽት አላጋጠመውም፤ ማሽኑና ካርዱ ከመጀመሪያውም አይመጣጠኑም ነበር።

ኬብሎቹን በተመለከተ ሁለት ነገሮች ጠበቅ ተደርገው ሊያዙ ይገባል። የፕሮሰሰሩም የግራፊክስ ካርዱም ኬብል ባለ 8 እግር ስለሆነ ይመሳሰላሉ፤ ግን የቀዳዳዎቹ ቅርጽና የመስመሮቹ አቀማመጥ ይለያያል። የፕሮሰሰሩ አብዛኛውን ጊዜ አራትና አራት፣ የካርዱ ስድስትና ሁለት ሆኖ ይከፈላል። አልገባ ያለን ኬብል በጉልበት መግፋት አያስፈልግም። ሁለተኛውና የባሰው፣ ኬብሎቹ ተነቃይ የሆኑ ፓወር ሰፕላይ ያለው ሰው ከሌላ ፓወር ሰፕላይ ኬብል መዋስ የለበትም። በካርዱ በኩል ያለው ጫፍ አንድ ቢሆንም በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው የመስመር አደራደር ከአምራች አምራች ይለያያል፤ የተዋሰ ኬብል ደህናውን ካርድ በአንድ ቅጽበት ሊያቃጥለው ይችላል።

የካርዱ አቀማመጥም ችላ አይባልም። ጥርሶቹ እስከ መጨረሻው ገብተው የማስገቢያው መቆለፊያ ቀጭ ማለት አለበት፤ ከባድ ካርድ ደግሞ በኬዙ ብሎን ካልታሰረ በራሱ ክብደት ያዘነብላል። «ማዘርቦርዱ የድሮ ስለሆነ ማስገቢያው አይገጥመውም» የሚለው ስጋት ግን ብዙም መሠረት የለውም፤ ፒሲአይ ኤክስፕረስ አዲሱ ትውልድ ከአሮጌው ጋር እንዲግባባ ተደርጎ የተሠራ ነው፣ ቢበዛ ፍጥነቱ ይቀንሳል።

አሮጌ ማዘርቦርድና አዲስ ካርድ የማይግባቡት ብዙውን ጊዜ በፕሮግራማቸው በኩል ነው። የቀድሞው ባዮስና የዛሬው ዩኢኤፍአይ ካርድን የሚያስነሱበት መንገድ ይለያያል። ማዘርቦርዱ ከካርዱ በፊት የተሠራ ከሆነ አምራቹ ያወጣውን አዲስ ባዮስ መጫን ሊያስፈልግ ይችላል፤ ለዚህም አሮጌውን ካርድ ወይም የፕሮሰሰሩን ግራፊክስ መልሶ መጠቀም ነው። ኮምፒውተሩን ከሶኬት ነቅሎ የማዘርቦርዱን ክብ ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ አውጥቶ መመለስም የባዮሱን ምርጫዎች ወደ መጀመሪያው ይመልሳቸዋል፤ የቀድሞው ባለቤት የቀየረው ነገር ካለ አብሮ ይጠፋል። ያገለገለ ማሽን የገዛ ሰው ይህንን ቢያስቀድም አይጎዳም።

ይህ ተራ ግምት እንዳልሆነ አምራቾቹ ራሳቸው መስክረዋል። ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. በ2018 ለጂቲኤክስ 900 እና ለጂቲኤክስ 1000 ተከታታይ ካርዶች የፕሮግራም ማሻሻያ አወጣ፤ ምክንያቱም አዲሶቹን የዲስፕሌይፖርት 1.3 እና 1.4 ሞኒተሮች ሲያገኙ ዊንዶውስ እስኪነሳ ድረስ ጨለማ ሊያሳዩ፣ ወይም ሲነሱ ሊቆሙ ይችሉ ስለነበር ነው። በ2023 ደግሞ ለአርቲኤክስ 4060 ተከታታይ፣ ከአንዳንድ ማዘርቦርዶች ጋር ሲነሱ የሚታየውን ጥቁር ስክሪን የሚያስወግድ ማሻሻያ አቀረበ። እነዚህ ካርዶች ጤነኞች ነበሩ። በ2018ቱ ችግር ጊዜ በዲስፕሌይፖርት ፈንታ በኤችዲኤምአይ ሰክቶ የሞከረ ሰው ምስል የማግኘት ዕድል ነበረው፤ ካርዱን ወደ ሻጩ የመለሰ ሰው ግን ደህና ዕቃ መልሷል።

በዚህ ሁሉ ላይ የሚቀርብ ከባድ ተቃውሞ አለ፤ ተራ ሰው ኬዝ መክፈት የለበትም፣ ለቴክኒሻን ይስጠው የሚል። ጥንቃቄውን አከብራለሁ። ፓወር ሰፕላዩን መክፈት ለማንም አልመክርም፤ ከሶኬት ተነቅሎም ቢሆን ውስጡ አደገኛ ኃይል ሊይዝ ይችላል። ከዚያ ውጪ ያለው ግን ከፍተኛው 12 ቮልት ነው። ከሶኬት ነቅሎ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ተጭኖ የተረፈውን ኃይል አስወጥቶ፣ የኬዙን ብረት ነክቶ የሚሠራ ሰው ራሱንም ዕቃውንም አይጎዳም። ኬብል ቦታ መቀየር፣ ሞኒተር መለወጥ፣ ካርዱን አውጥቶ መልሶ መትከል የሙያ ፈቃድ የሚጠይቁ ሥራዎች አይደሉም። ቴክኒሻን ጋ መሄድ ግድ ቢሆን እንኳ ጨለማው የት ላይ እንደሚጀምርና የትኛው መብራት እንደሚበራ የሚናገር ደንበኛ የማያስፈልግ ዕቃ ግዛ አይባልም።

በእርግጥ ሞቶ የሚመጣ ካርድ አለ። በተለይ ያገለገለ የገዛ ሰው መጠንቀቅ ይገባዋል፤ ኢትሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 አሠራሩን ሲቀይር፣ ገንዘቡን ለማመንጨት ማለትም ለማይኒንግ ሌት ተቀን ሲሠሩ የነበሩ ብዙ ካርዶች ወደ ገበያ ወጥተዋል፣ የአንዳንዶቹም የውስጥ ፕሮግራም ለዚያው ሥራ ተቀይሯል። እ.ኤ.አ. በ2017 ለማይኒንግ ተብሎ የተሠራው የኤንቪዲያ ፒ106-100 ደግሞ የምስል መሰኪያ የለውም፤ ሞኒተር የሚሰካበት ቦታ ስለሌለ ከመግዛት በፊት የካርዱን ጀርባ ማየት ይበቃል። የካርድ ሞት የሚረጋገጠው በአንድ መንገድ ነው፤ በቂ ፓወር ሰፕላይ ባለው፣ ሌላ ካርድ በደንብ በሚያሠራ ኮምፒውተር ላይ፣ በሚሠራ ኬብል ሲሞከር። እዚያም ከጨለመ ወደ ሻጩ መመለስ ነው። በሁለተኛው ማሽን እንደተሞከረ፣ የፓወር ሰፕላዩ ዋት ስንት እንደነበረና የበራችው መብራት የትኛዋ እንደሆነች ከሲሪያል ቁጥሩ ፎቶ ጋር ጽፎ የላከ ሰው፣ «ኬብሉን አይተሃል ወይ?» የሚለውን የመጀመሪያ ዙር ጥያቄ አስቀድሞ መልሶታል።