ልጅን የሚያቀነጭረው ብረት አይደለም

የ13 ዓመት ልጇ ኮንዶሚኒየሙ ኮሪደር ላይ ፑሽ አፕ ሲሠራ ያየች እናት የምትለው የታወቀ ነው፦ «ተው አንተ፣ ቁመትህ እንዳይቀር!» አባትም ራሱ ጂም እየተመላለሰ ልጁን ግን «ሃያ ዓመት ሲሞላህ ትመጣለህ» ብሎ ይመልሰዋል። ፍርሃቱ ከፍቅር የመጣ ስለሆነ ማንንም አያስወቅስም። ሆኖም የተሳሳተ ነው፤ ልጆቻችንንም ብዙ ነገር ያሳጣቸዋል።

የልጅ አጥንት ወደ ላይ የሚያድገው ጫፎቹ አካባቢ ባለ ለስላሳ ንጣፍ አማካይነት ነው። ንጣፉ ልጁ ቁመቱን እስኪጨርስ ድረስ ወደ ጠንካራ አጥንት ስለማይለወጥ፣ ክብደት ይጨፈልቀዋል ተብሎ ይታሰባል። ሊጎዳ መቻሉ እውነት ነው። የሚጎዳው ግን ልጅ ከዛፍ ሲወድቅ፣ ኳስ ሜዳ ላይ ሲጋጭ ወይም የሚያየው ሰው በሌለበት ከጓደኛው ጋር ተፎካክሮ ከአቅሙ በላይ ሲያነሳ ነው። አሠራሩን በሚያውቅ ሰው ፊት፣ በቀላል ክብደት ጀምሮ ቀስ እያለ የሚጨምር ልጅ ቁመቱ እንደሚቀር የሚያሳይ ማስረጃ የለም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2020 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያወጣው ሰነድ የሚለውም ይህንኑ ነው። በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ፣ በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ደግሞ ጡንቻና አጥንት የሚያጠነክር እንቅስቃሴ እንዲሠሩ መክሯል።

እምነቱ እኛ ዘንድ ሥር የሰደደበት ሌላም ምክንያት ያለ ይመስለኛል። ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጄሪካን አዝላ ዳገት የምትወጣ ልጅ ያላየ የለም። ውሃው ብቻ 20 ኪሎ ነው። ልጅቷን አጭርና ቀጭን ሆና ስናያት ሸክሙን እንወቅሳለን። ሸክሙ በእርግጥ በደል ነው፤ ወገቧን ያማታል፣ ከትምህርቷም ያስቀራታል። ልክ የለውም፣ እረፍት የለውም፣ ከኋላው የሚጠግን ምግብም የለውም፤ ከሥልጠና የሚለየው በዚህ ነው። ቁመትን በዋናነት የሚያስቀረው ግን ከእርግዝና አንስቶ ሁለተኛ ዓመት እስኪሞላ ባሉት 1,000 ቀናት ውስጥ የሚጎድል ምግብና የሚደጋገም በሽታ ነው፤ በተለይ ተቅማጥ። በ2019 የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉት የኢትዮጵያ ሕፃናት 37 በመቶ የሚሆኑት መቀንጨራቸውን አሳይቷል። መንግሥት በ2015 የሰቆጣ ቃል ኪዳንን ያወጀው መቀንጨርን ለማስቆም ነው። ደምብል የሚያስፈራው ወላጅ ስጋቱን ወደ ሕፃኑ ሳህን ቢያዞረው፣ ገንፎው ውስጥ እንቁላል፣ ወተት ወይም የጥራጥሬ ዱቄት መኖሩን ቢያይ፣ ለቁመቱ የበለጠ ይጠቅመዋል።

«ልጅ ገና ሆርሞን የለውም፣ ቢሠራስ ምን ያተርፋል?» የሚሉም አሉ። ከጉርምስና በፊት ጡንቻ እንደ አዋቂ እንደማያብጥ ልክ ናቸው። ጥንካሬ ግን ይጨምራል። የሚማረው ነርቩ ነው፤ አንጎል ቀድሞ ያላዘዛቸውን የጡንቻ ክሮች ማሠራት ይጀምራል። ስለዚህ ልጁ ክንዱ ሳይወፍር ከወራት በፊት ያቃተውን ፑሽ አፕ ይሠራል፣ ሲሮጥም ሲዘልም ሰውነቱን በተሻለ ይቆጣጠራል።

ለዚህ ጂም መግባት የግድ አይደለም። ብዙ ወላጅ እንደ ጊዜ ማባከኛ የሚያየው ሱዚና ሰኞ ማክሰኞ ራሱ የአጥንት ሥልጠና ነው። ልጅ ዘሎ ባረፈ ቁጥር መሬቱ እግሩን መልሶ ይገፋዋል፤ ይህ ግፊት የአጥንት ሕዋሳትን ለግንባታ ይቀሰቅሳል። በ2001 የታተመ አንድ የኦሪገን ጥናት ጉርምስና ያልደረሱ ልጆችን 61 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ካለው ሳጥን ላይ በአንድ ጊዜ 100 ዝላይ፣ በሳምንት 3 ቀን፣ ለ7 ወራት አዘለለ። ሰውነት ማፍታቻ ብቻ ከሠሩት ልጆች ጋር ሲነጻጸሩ የዘላዮቹ የዳሌና የወገብ አጥንት የበለጠ ዳብሮ ተገኘ። አብዛኛው የአጥንት ክምችታችን የሚሞላው እስከ 20 ዓመት ገደማ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ እንግዲህ ይህ ነው፤ የኮንዶሚኒየም ግቢ በመኪና ሲሞላና «አትረብሹ!» ሲባል ሱዚ የሚዘለልበት ቦታ ይጠፋል፣ ልጁም ስልክ ይዞ ሶፋ ላይ ይቀመጣል። የግቢ ኮሚቴ አንዷን ጥግ ከመኪና ነጻ ቢያደርግ ቀላል የማይባል የጤና ሥራ ሠራ ማለት ነው።

መመሪያ ሰምቶ የሚፈጽም ልጅ ያለ ክብደት በሚሠራ ስኳት፣ ጉልበትን መሬት አስነክቶ በሚሠራ ፑሽ አፕና ብረት ላይ በመንጠልጠል ይጀምር፤ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን፣ በመሃል እረፍት እያደረገ። በአንድ ዙር ከ8 እስከ 15 ጊዜ አስተካክሎ መሥራት ከቻለ ጥቂት ይጨመርለታል። ወገቡ ከጎበጠ ወይም ትንፋሹን አፍኖ ከታገለ በዝቶበታል።

ሴት ብረት ካነሳች እንደ ወንድ ትሆናለች የሚለው በአጭሩ ውሸት ነው። የሴት ቴስቶስትሮን ከወንድ በብዙ እጥፍ ያንሳል፤ በሳምንት ሁለት ቀን መሥራት የሚያተርፍላት ጠንካራ ወገብና ካረጠች በኋላ በቀላሉ የማይሰበር አጥንት ነው።

በጾም ጡንቻ አይገነባም የሚለውም አያስኬድም። አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ ይህም የሦስት እንቁላል ያህል ነው። ሽሮ፣ ባቄላና ቦሎቄ ከእንጀራ ጋር ሲበሉ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል። ችግሩ ጾሙ ሳይሆን መጠኑ ነው፤ ወጡን በስሱ ቀብቶ እንጀራውን ብቻ የሚበላ ሰው ይጎድልበታል። የጾም ቀን ሥልጠናውን ከምግብ ሰዓት አስጠግቶ ማድረግም ይረዳል። የጂም ፕሮቲን ዱቄት ግን በደንብ ለሚበላ ጤነኛ ልጅ አያስፈልገውም።

«የእኔ እድሜ አልፏል፣ ልጆቹ ይሥሩ» ማለትም የተለመደ ነው። በ1990 ማሪያ ፊያታሮንና ባልደረቦቿ ቦስተን ውስጥ በአረጋውያን መጦሪያ ለሚኖሩ፣ አማካይ ዕድሜያቸው 90 ለሆነ 10 ደካማ አዛውንቶች ከበድ ያለ የእግር ሥልጠና ሰጡ። በ8 ሳምንት ውስጥ የእግራቸው ጥንካሬ በአማካይ 174 በመቶ ጨመረ። እማማ ከዱካ ላይ እጃቸውን ሳይደግፉ አሥር ጊዜ ቢነሱና ቢቀመጡ ያው ስኳት ነው። የልጅ ልጅ ደግሞ አያቱ ሲሠሩ ካየ ሳይነገረው አጠገባቸው ይሠራል። ከ2018 ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ በተወሰኑ እሑዶች መኪና የሚዘጋባቸው «መንገድ ለሰው» ቀናትም ለዚህ የሚመቹ ናቸው፤ አባት ቆሞ ቦርሳ ከመያዝ አብሮ ቢሮጥ ይሻላል።

በመጨረሻ የማነሳው ከሁሉም የሚያሰጋኝን ነው፤ ቶሎ የሚደክምን ልጅ «ሰነፍ ነው» ማለት። አገራችን ውስጥ በወጉ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም፣ ብዙዎቻችን ቶንሲል የምንለው፣ የልብ በር የሚጎዳ የሩማቲክ ሕመም የሚያስከትልባቸው ልጆች ብዙ ናቸው። እኩዮቹ የማይደክማቸው ቦታ የሚደክመው፣ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ደረቱን የሚያመው፣ እየተጫወተ ራሱን የሚስት ልጅ ካለ፣ ስፖርት እንዲያጠነክረው ከመላኩ በፊት ሐኪም ልቡን ያዳምጥለት።