ማህተም የሚመሰክርለት ማህተም

በአንድ አገር የተሰጠ የልደት የምስክር ወረቀት፣ የጋብቻ ማስረጃ ወይም ዲፕሎማ በሌላ አገር ተቀባይነት እንዲያገኝ የሚያልፍበት ሥርዓት በአማርኛ «ሰነድ ማረጋገጥ» ይባላል። ስያሜው ግን ከሥራው የሰፋ ነው፤ አረጋጋጩ የሚመሰክረው ፊርማውና ማህተሙ የትክክለኛው ሹም መሆናቸውን እንጂ በወረቀቱ የሰፈረው ቃል ሁሉ እውነት መሆኑን አይደለም።

በባዕድ አገር ያለ የመዝገብ ሠራተኛ የአንድን ኮሌጅ ማህተም ከሐሰተኛው መለየት ስለማይችል፣ ማህተሙን የሚያውቅ መሥሪያ ቤት ይመሰክርለታል፤ የዚያንም መሥሪያ ቤት ማህተም የሚያውቅ ሌላ ይመሰክራል። በኢትዮጵያ የትምህርት ማስረጃን በመጀመሪያ የሚያረጋግጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ሲሆን፣ ውልን፣ ውክልናንና የትርጉም ሰነድን ደግሞ ሕዝቡ ዛሬም «ውልና ማስረጃ» የሚለው የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ መሥሪያ ቤት በአዋጅ ቁጥር 922/2008 መሠረት፣ ባለጉዳዩ ሲፈርም አይቶ ወይም የተፈረመውን በእጁ ካለው የፊርማና የማህተም ናሙና ጋር አመሳክሮ ያረጋግጣል። ከዚያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ በመጨረሻም የተቀባዩ አገር ኤምባሲ ይቀጥላሉ። ሰነዱ ለጉዞ ሲበቃ ብዙ ጊዜ ከፊቱ ይልቅ ጀርባው የበለጠ ቀለም ይዞ ይገኛል።

ይህን ሰንሰለት ለማሳጠር እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 5 ቀን 1961 በሔግ የተደረገው ስምምነት፣ አባል አገሮች የኤምባሲውን ደረጃ አስቀርተው በአንድ «አፖስቲል» እንዲተኩት ፈቀደ። ቃሉ በፈረንሳይኛ በጽሑፍ ኅዳግ የሚታከል ማስታወሻ ማለት ነው፤ ምስክር ወረቀቱም እያንዳንዱ ጎኑ ቢያንስ 9 ሳንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን ሲሆን፣ ማን እንደፈረመ፣ በምን ሥልጣን፣ የትና መቼ እንደተረጋገጠ የሚገልጹ በቁጥር የተለዩ አሥር ነጥቦችን ይይዛል፤ በየትኛውም ቋንቋ ቢጻፍ ርዕሱ በፈረንሳይኛ መሆን አለበት። አሜሪካና እስራኤል ከረጅም ዘመን ጀምሮ አባላት ናቸው፤ ሳዑዲ ዓረቢያ ግን ስምምነቱ የጸናባት በ2022 እ.ኤ.አ. ነው። ሰጪውም ተቀባዩም አባል ካልሆኑ አፖስቲል ስለማይሠራ፣ የአንዱ አባልነት ለሌላው ሰነድ አይተርፍም።

ሰንሰለቱ በተቃራኒውም አቅጣጫ ይሠራል። በዋሽንግተን ወይም በሪያድ የሚኖር ሰው አዲስ አበባ ላለው ቤት ወንድሙን ሲወክል፣ በኢትዮጵያ ኤምባሲ የፈረመው ውክልና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ ወደ ውልና ማስረጃ ይገባል። ማህተም በይዘት ላይ አንዳች እንደማይጨምር ጎልቶ የሚታየውም እዚህ ላይ ነው። በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ጠቅላላ ውክልና የሚያስችለው የአስተዳደር ሥራን፣ ማለትም ማከራየትን፣ ኪራይ መሰብሰብንና ማሳደስን የመሰለውን ብቻ ሲሆን፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለማስያዝ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፤ ስለዚህ «ቤቴን እንዲሸጥ» የሚለው ቃል ካልተጻፈበት፣ ሦስቱም ማህተሞች በየቦታቸው ያረፉበት ወረቀት ወንድምየውን ከማከራየት አያሳልፈውም።